ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች፤ አስጎብኚውስ?



በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምንጽፈው ስለ ኡልፓን፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ቤት መግዣ ብድርና ስለ ሥራ ፍለጋ ነው። ዛሬ ግን ስለ ወፍ ልንጽፍ ተነሥተናል። «እኛ ገና የቤት ኪራይ ሳይከፈልልን ወፍ እንመልከት ወይ? ይህ የባለጸጋ ጨዋታ ነው» የሚለን አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ነገር ግን ጉዳዩ ልጆቻችን ወላጆቻቸውንና አያቶቻቸውን በምን ዓይን እንደሚያዩ የሚነካ ሆኖ ስላገኘነው፣ ጥቂት ታግሣችሁ እንድታነቡን እንለምናለን።

የምንተቸው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በ2010 በእንግሊዝኛ የታተመና ስሙ «በኢትዮጵያ ወፍ የሚታይባቸው ቦታዎች» እንደ ማለት የሆነ የጉዞ መምሪያ መጽሐፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛው በአስጎብኚ እየተመሩ ወፍ የመመልከት ልማድ ራሱ ነው፤ በኢትዮጵያ ጥቅጥቅ ደን ውስጥም ሆነ እዚህ በእስራኤል።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ባለፈው ነሐሴ ማለቂያ ላይ፣ ትምህርት ቤት ሊከፈት ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ማኅበራችን ከቂርያት ጋት አንድ አውቶቡስ ሙሉ ቤተሰብ ይዞ በሰሜን ወደሚገኝ አንድ የወፍ መመልከቻ ሥፍራ ሄዶ ነበር። አስጎብኚው ወጣት፣ ትሑትና ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። ረፋድ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትልልቅ ነጫጭ ወፎች፣ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር፣ ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ እየዞሩ ወደ ላይ ሲወጡ አሳየን። እነዚህ ወፎች ባሕር የማይሻገሩት ከባሕር ላይ ሙቅ አየር እንደ ልብ ስለማይነሣ ነው፤ ስለዚህ ከአውሮፓ ተነሥተው ባሕሩን ዞረው በየብስ በእስራኤል ሰማይ ያልፋሉ፤ በዓመት ሁለት ጊዜ በዚህች ጠባብ አገር ላይ የሚያልፈው ልዩ ልዩ ወፍ 500 ሚሊዮን ያህል እንደሚሆን ይገመታል፤ እያለ በሚገባ አስረዳን። «ከዚያስ ወዴት ይሄዳሉ?» ብሎ ራሱን ጠየቀና «ወደ አፍሪካ» ብሎ መለሰ።

በዚህ ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ ሰባ የሚጠጋ አንዲት እናታችን እጃቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው «ሽመላ! ሽመላ እኮ ናት!» አሉ። ሣቅም እንባም ተቀላቀለባቸው። በጎንደር አካባቢ ልጅ ሳሉ ሽመላ ስታልፍ ልጆች ሁሉ ከሥሯ እየሮጡ እየጮኹ ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት ይጠይቋት እንደነበር፣ አባታቸውም ከእርሻ ቀና ብለው ይሰሙ እንደነበር መናገር ጀመሩ። አስጎብኚው ወደ ልጅ ልጃቸው፣ ወደ አሥር ዓመቷ ልጅ ዞር ብሎ «አያትሽ ምን አለች?» ሲል በዕብራይስጥ ጠየቃት። ልጅቷ ዙሪያዋን ተመለከተችና «ክሉም» አለች። ምንም። አስጎብኚውም ወደሚቀጥለው ወፍ አለፈ።

እኛም ዝም አልን። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ዝምታ ነው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ የውትድርና አገልግሎቷን ጨርሳ ወላጆቿ የተወለዱበትን አገር ልታይ ሄዳ የነበረች አንዲት የማኅበራችን ልጅ ተመልሳ መጣች። ጎንደርን ካየች በኋላ ወደ ደቡብ ወርዳ በባሌ ተራሮች ሐረና ደን ውስጥ ሦስት ቀን በአስጎብኚ እየተመራች ወፍ ተመልክታለች። ከላይ የጠቀስነውን መጽሐፍ ቢሮአችን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችልን እርሷ ናት። መጽሐፉን ተቀባብለን አነበብነው፤ የእርሷንም ትረካ አዳመጥን፤ እርስ በርሳችንም ተከራከርን።

በመጀመሪያ መልካሙን እንናገር፤ ብዙ መልካም ነገር አለውና። የደጋ ሰዎች የሆንን ብዙዎቻችን እንዲህ ያለ ደን በኢትዮጵያ መኖሩን እንኳ በቅጡ አናውቅም። የባሌ ተራሮች ፓርክ በ1970 የተቋቋመ ሲሆን በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከጎባ ተነሥቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሳነቲን አምባ ያቋረጠ መንገደኛ፣ ብርዱና ነፋሱ ሳይለቀው በድንገት ቁልቁል ወደ ጭጋግና ወደ ዛፍ ይገባል። በመጀመሪያ አስታና ኮሶ፣ ቀጥሎ በሪራ መንደር አካባቢ ቀርከሃ፣ ከዚያም ወደ ዶሎ መና ሲወረድ ዝግባና ሌላው ታላላቅ ዛፍ፣ ከዛፉም ሥር ማንም ያልተከለው ቡና ይገኛል። በየዛፉ ጫፍ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። በምዕራብ በኩልም በቦንጋ ዙሪያ ያለው የከፋ ደን እንዲሁ የዱር ቡና አገር ነው፤ እርሱም በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኗል።

እንዲህ ባለው ደን አስጎብኚ የግድ ያስፈልጋል። በላኪሽ ሜዳ ላይ ወፍ ለማየት ዓይን ይበቃል፤ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ግን ወፊቱ ከራስ በላይ ሠላሳ ሜትር ላይ በቅጠል ተሸፍና ስለምትኖር፣ ከማየት በፊት መስማት ይቀድማል። ልጃችን እንደነገረችን፣ በመጀመሪያው ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል አረንጓዴ ነገር ብቻ አይታ ተስፋ ቆርጣ ነበር። አስጎብኚው የአካባቢው ተወላጅ ነው። ፍሬዋ በበሰለ አንዲት ሾላ ሥር አስቀመጣትና «ዝም በዪ፤ እነርሱ ይመጣሉ» አላት። መጡም። በመጀመሪያ የክንፍ ድምፅ ተሰማ፤ እንደ ደከመ ሰው ትንፋሽ ያለ ከባድ ድምፅ። ከዚያ ትልቅ መንቁር ያለው፣ በመንቁሩ ላይ ቀንድ የመሰለ ነገር የተሸከመ ጥቁርና ነጭ ወፍ አረፈ። የዚህ ወፍ እንስት እንቁላል ልትጥል ስትል በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ትገባና በሩ በጭቃ ይዘጋል፤ ጫጩቶቹ እስኪያድጉ ድረስ ባሏ በጠባቧ ስንጥቅ ያጎርሳታል። ቀጥሎ ጅራተ ረጅም አረንጓዴ ወፍ መጣ፤ ሲቀመጥ ከቅጠሉ አይለይም፤ ሲበር ግን የክንፉ ውስጥ እንደ ደም ቀይ ነው። ቀለሙ በመዳብ የተሠራ መሆኑን የሥነ ፍጥረት ሊቃውንት ደርሰውበታል። ግንባሩ ቢጫ የሆነና ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ በቀቀንም ታየ።

መጽሐፉም በዚህ በኩል ውለታው ትልቅ ነው። ደራሲዎቹ ክሌር ስፖቲስዉድ፣ መርዕድ ገብረሚካኤልና ጁሊያን ፍራንሲስ ናቸው። ከሦስቱ አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑን እንደ ቀላል ነገር አናየውም፤ ስለ አገራችን በውጭ ቋንቋ የተጻፈው አብዛኛው መጽሐፍ ያለ አገሬው ሰው የተጻፈ ነውና። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ ቦታዎችን እየዘረዘረ፣ ካርታ እየጨመረ፣ የትኛው ወፍ የት እንደሚገኝ ያመለክታል። ከ800 በላይ የወፍ ዓይነት ባለባት አገር ይህ ቀላል ድካም አይደለም። ኢትዮጵያን በረሃብ ሥዕል ብቻ ለሚያውቅ ሰው ይህ መጽሐፍ ሌላ አገር ያሳየዋል። ልጆቻችንም በክፍላቸው ውስጥ «እናንተ አገር ምን አለ?» ተብለው ሲጠየቁ የሚመልሱት ያገኙበታል።

አሁን ወደ ነቀፌታችን እንለፍ።

የመጀመሪያው ነቀፌታችን ይህ ዓይነቱ መጽሐፍና ይህ ዓይነቱ ጉዞ የተሠሩት ለሚቸኩል ሰው መሆናቸው ነው። በአውሮፕላን መጥቶ፣ በሁለት ሳምንት ከሰሜን እስከ ደቡብ ሮጦ፣ በዝርዝሩ ላይ ምልክት አድርጎ የሚመለስ ሰው አለ። ለእርሱ ወፊቱ ከታየች አለቀች። አስጎብኚውም እንግዳው እንዳያዝንበት ስለሚፈራ የተቀዳ የወፍ ድምፅ በመሣሪያ እየከፈተ ያስጠራታል። ወፊቱ ሌላ ወፍ ግዛቴን ሊቀማኝ መጣ ብላ ደንግጣ ትወጣለች። አንድ ጊዜ ቢሆን ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ በየቀኑ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ ሲደጋገምባት ግን ከመመገቧና ጫጩት ከማሳደጓ ያውካታል። በሾላ ሥር ዝም ብሎ መቀመጥን የመሰለ ነገር እያለ ይህን ማድረግ የትዕግሥት ማነስ ነው እንላለን። ልጃችን የተመራችበት አስጎብኚ መሣሪያውን በኪሱ ይዞ አንድም ጊዜ እንዳልከፈተው ነግራናለች፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል።

ሁለተኛው ነቀፌታችን ስለ ስም ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ወፎቹ የሚጠሩት በእንግሊዝኛና በሳይንሳዊ ስማቸው ነው። ሥርዓቱ እንዲህ መሆኑን አናጣውም፤ የጃፓንም የብራዚልም ሊቅ የሚግባባበት አንድ ስም ያስፈልጋል። ነገር ግን ስም ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። በደቡብ ኢትዮጵያ በነገሌና በአሬሮ አካባቢ የሚኖር አንድ ውብ አረንጓዴ ወፍ አለ፤ ቀይ ክንፍ ያለው፣ ከላይ የጠቀስነው የሾላው ወፍ ዘመድ ነው። በዓለም የሚታወቀው በአንድ ኢጣሊያዊ መስፍን፣ በሩስፖሊ ስም ነው። መስፍኑ ወፉን ገድሎ ከሰበሰበው ነገር ጋር አኖረው፤ የት እንዳገኘው ግን ሳይጽፍ በ1893 ዝሆን ገደለው። በ1896 አንድ ሊቅ ቆዳውን አይቶ በሟቹ ስም ሰየመው። ከዚያ በኋላ ነጮች ወፉን እንደገና በሕይወት ያገኙት በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሃምሳ ዓመት ገደማ «ጠፋ» ተባለ ማለት ነው። በዚያ ደን ከብት ይጠብቅ ለነበረ እረኛ ግን ወፉ አንድም ቀን ጠፍቶበት አያውቅም።

በዚህ ነጥብ ላይ በመካከላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዳንዶቻችን «መጽሐፉ የአማርኛ ስም ይጨመርበት» አልን። ሌሎቻችን ደግሞ «ሐረና የአማርኛ አገር ነው ወይ?» ብለው ጠየቁን። እውነት ነው፤ በሐረና የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ በከፋም ሕዝቡ የራሱ ቋንቋ አለው። ለወፎቹ ስም ያወጣው፣ ፍሬውንና ማሩን አብሯቸው የተካፈለው እርሱ ነው። በእኛ ላይ ሲደረግ የሚያስከፋንን እኛም በሌላው ላይ ልናደርግ አይገባም። ደግሞም ሐቁን እንናገር፤ አማርኛችን ንስር፣ ጭልፊት፣ ጥንብ አንሳ፣ ጉጉት፣ ቁራ፣ ቆቅ፣ ጅግራ፣ ዋኖስ፣ እርግብ፣ ግንደ ቆርቁር፣ በቀቀን እያለ ይለያል እንጂ፣ ትንንሾቹንማ ብዙ ጊዜ «ወፍ» ብሎ ያልፋቸዋል። በዚህ በኩል መጽሐፉ ያስተምረናል። ስለዚህ የተስማማንበት ይህ ነው፦ በየደኑ የየአገሬው ስም ከእንግሊዝኛው ጎን ቢጻፍ መጽሐፉ ጥቂት ገጽ ይረዝማል፤ ዋጋው ግን ይጨምራል።

ሦስተኛውና ዋናው ነቀፌታችን አስጎብኚነት እንደ አንድ አቅጣጫ መንገድ መታየቱ ነው። የሚያውቀው ይናገራል፤ የማያውቀው ይሰማል። ማን የሚያውቅ፣ ማን የማያውቅ እንደሆነ ደግሞ አስቀድሞ የተወሰነ ይመስላል። መነጽር በአንገቱ ያንጠለጠለው ያውቃል፤ ነጠላ የለበሰችው አታውቅም። በሐረና ቀፎ የሰቀለው ሰው በእንግዶች ፎቶግራፍ ውስጥ እንደ ዛፉና እንደ ጭጋጉ የሥዕሉ ማስጌጫ ሆኖ ይቀራል፤ ጥያቄ የሚጠይቀው ጥቂት ነው።

ይህ ስሕተት መሆኑን ከማንም ይልቅ የሚመሰክረው የወፍ ሳይንስ ራሱ ነው። ሰውን ወደ ማር የምትመራ ትንሽ ወፍ መኖሯን ከቋራ የመጡ አባቶቻችን በሚገባ ያውቋታል። በሰው ፊት እየጮኸች፣ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ እየዘለለች፣ ሰውየው እስኪደርስባት እየጠበቀች ንቡ ካለበት ግንድ ታደርሰዋለች። ሰው ጢስ ያጤሳል፣ ግንዱን ይፈለፍላል፣ ማሩን ይወስዳል፤ እርሷ ሰፈፉን ትበላለች። «ድርሻዋን ካልተውክላት በሌላ ቀን ወደ ነብር ትመራሃለች» ይባል እንደነበር አንድ አባታችን ነግረውናል። ይህ ለብዙ ዘመን ተረት ተብሎ ቆይቷል። በ1989 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ግን የቦረና ማር ቆራጮች በማያውቁት አገር ያለ ወፊቱ አንድ የንብ ጎጆ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ሲፈጅባቸው፣ ወፊቱ ስትመራቸው ግን 3.2 ሰዓት እንደሚበቃቸው አሳየ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ከመጽሐፋችን ደራሲዎች አንዷ የሆኑት ክሌር ስፖቲስዉድ ራሳቸው በሞዛምቢክ በኒያሳ ይህችን ወፍ ከያዎ ሕዝብ ጋር አጥንተዋል። በ2016 በታተመው ጥናታቸው መሠረት፣ ማር ቆራጮቹ ከአባቶቻቸው የተማሩትን ጥሪ ሲያሰሙ ወፊቱ የመምራቷ ዕድል ከመቶ 33 ወደ 66 ከፍ ይላል፤ ማር እስከማግኘት የሚደርሱትም ከመቶ 16 ወደ 54 ያድጋል። በ2023 ደግሞ ከሌላ ተመራማሪ ጋር ሆነው የበለጠ የሚያስደንቅ ነገር አሳተሙ። በታንዛንያ የሐድዛ ሕዝብ ወፊቱን የሚጠራት በፉጨት ነው፤ ያዎዎች ደግሞ በሌላ ድምፅ ነው። ተመራማሪዎቹ ሁለቱን ድምፅ አለዋውጠው ቢሞክሩ፣ የታንዛንያዋ ወፍ ከያዎ ጥሪ ይልቅ ለሐድዛ ፉጨት ከሦስት እጥፍ በላይ ስትመልስ፣ የሞዛምቢኳም እንዲሁ የአገሯን ጥሪ መርጣ ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ምላሽ ሰጠች። አባቶቻችን «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይላሉ፤ ለካ እንዳገሯም ትሰማለች!

እንግዲህ ይህች ወፍ የአስጎብኚዎች ሁሉ አለቃ ልትባል ትችላለች። ሰው እየተከተላት መሆኑን ዞር እያለች ታያለች። የምትመራውን ሰው ድምፅ ትሰማለች። በመጨረሻም ሁለቱም ያተርፋሉ። ይህን ያስተማሩን ሊቅ የመሩትን ያህል ከያዎ ማር ቆራጮች ተምረዋል። በመጽሐፋቸው ግን አንባቢውን ይህን እንዲያደርግ በግልጽ ቢመክሩት ኖሮ፣ ማለትም «በደረስክበት ደን ሁሉ ቀፎ የሰቀለውን ሰው ስለ ወፎቹ ጠይቀው» የሚል አንድ ምዕራፍ ቢጨምሩበት ኖሮ፣ እጅግ ደስ ባለን ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ሰማይ እንመለስ። አውሮፓውያን ሽመላ በክረምት ወዴት እንደምትሄድ ለብዙ ዘመን አያውቁም ነበር። በ1822 በጀርመን አገር ክሉትስ በተባለ መንደር አጠገብ አንዲት ሽመላ ተገኘች፤ በአንገቷ ውስጥ ከአፍሪካ የመጣ ረጅም የእንጨት ፍላጻ ተሰክቶባት ነበር። ቁስሏን ተሸክማ ያን ሁሉ አገር በርራ ደረሰች። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተገለጠላቸው። ያቺ ሽመላ እስከ ዛሬ በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ትታያለች። በጎንደር የነበሩ ልጆች ግን ሽመላ ከኢየሩሳሌም በኩል እንደምትመጣ ያውቁ ነበር፤ ስለዚህም ወሬ ይጠይቋት ነበር። ነቢዩ ኤርምያስም ሽመላ የምትመጣበትንና የምትሄድበትን ጊዜ እንደምታውቅ መስክሯል፤ ቄሶቻችንም ይህን ያነቡልን ነበር።

የእኛ አስጎብኚ «ወደ አፍሪካ» ሲል ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን በፊቱ ቆመው የነበሩት ሰዎች የዚያን መንገድ ሌላውን ጫፍ በዓይናቸው ያዩ ነበሩ። በዚያ ቀን የጎደለው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «እናንተስ ምን ትሏት ነበር?» ይህን ቢጠይቅ ኖሮ ትምህርቱ ሙሉ በሆነ ነበር፤ አሥር ዓመቷ ልጅም «ክሉም» ባላለች ነበር። ልጅቷን አንወቅስም። በሁለት ወገን መካከል ቆማ መተርጎም ለትንሽ ልጅ ከባድ ሸክም ነው፤ አያቷ እንዳይሣቅባቸው ልትጠብቃቸውም አስባ ይሆናል።

ይልቁንስ ራሳችንን መውቀስ ይገባናል። በዚያ ቦታ ከእኛ መካከል ዕብራይስጥ አጥርተው የሚናገሩ ቢያንስ አራት ሰዎች ነበሩ። አንዳችን እንኳ አፋችንን ከፍተን አልተረጎምንም። በቤታችንም ቢሆን ስለ ወፍ፣ ስለ ዛፍ፣ ስለ እርሻ ለልጆቻችን የምንነግራቸው ጥቂት ነው። ልጆቻችን እኛ የምናውቀው ሁሉ በአውሮፕላን ማረፊያው የቀረ ይመስላቸዋል፤ እኛም እንዲህ እንዲመስላቸው አድርገናል።

አንድ ምሳሌ እንስጥ። በሱፐርማርኬት ከምንገዛው ዶሮ ማሸጊያ ላይ በዕብራይስጥ «ዖፍ» ተብሎ ተጽፏል። በግእዝም ወፍ «ዖፍ» ነው፤ የእኛ «ወፍ» ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። ንስርም በዕብራይስጥ «ኔሼር» ነው፤ ግን ዛሬ በእስራኤል ኔሼር የሚሉት ጥንብ አንሳውን ሲሆን፣ እኛ ንስር የምንለውን እነርሱ «ዓይት» ይሉታል። ሽመላን ደግሞ «ሐሲዳ» ይሏታል፤ «ሔሴድ» ከሚለው፣ ቸርነት ከሚል ቃል የተገኘ ነው። ልጅ ይህን ሲሰማ የአያቱ ቋንቋ ከትምህርት ቤቱ ቋንቋ ጋር ዘመዳሞች መሆናቸውን ያውቃል። ከአንድ ሰዓት የቤት ሥራ የማይተናነስ ትምህርት ነው።

ስለዚህ ፍርዳችንን በአጭሩ እንስጥ። መጽሐፉ ሊነበብ የሚገባው፣ በጥንቃቄ የተሠራ መምሪያ ነው፤ እንግሊዝኛ የሚያነቡ ወጣቶቻችን ከቢሮአችን ተውሰው እንዲያዩት እንጋብዛለን። በአስጎብኚ ወፍ መመልከትንም እንደግፋለን፤ በሐረናም ሆነ በከፋ፣ ደኑ ቆሞ ሲኖር ለመንደሩ ሰው እንጀራ የሚሆን ሥራ ነውና። ወደ ኢትዮጵያ የምትሄዱ ቤተሰቦች ግን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ አስጎብኚው የዚያ አገር ሰው ነው ወይ? ከምንከፍለው ለመንደሩ የሚደርሰው ስንት ነው? የተቀዳ ድምፅ ይጠቀማል ወይ? በዛፍ ሥር ለመቀመጥ ጊዜ ይሰጠናል ወይ? ማሩን የሚቆርጠውን፣ ቡናውን የሚለቅመውን ሰው ያገናኘናል ወይ?

በእስራኤል ላሉ አስጎብኚዎችም የምንለው አለን፤ ይህም በዕብራይስጡ ገጽ ላይ ታትሟል። ከኢትዮጵያ የመጣ ቡድን ሲመጣላችሁ በመጀመሪያ ሽማግሌዎቹን አናግሩ። አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ሕፃን አይሁን። የምትሰሙትንም ጻፉት፤ የሚያውቁት እናቶችና አባቶች ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

ለእናንተ ለወላጆች ደግሞ አንዲት ቀላል ሥራ እንሰጣለን። ለልጃችሁ አንድ ደብተር ግዙ፤ ገጹንም በሦስት ክፈሉት። በመጀመሪያው የወፉን የዕብራይስጥ ስም ልጁ ይጻፍ። በሁለተኛው እናንተ ወይም አያቶች በአማርኛ ወይም በትግርኛ የምትሉትን። በሦስተኛው ያ ወፍ በአገር ቤት ምን ያደርግ እንደነበር፣ ምን ይባልለት እንደነበር። ስሙን ካላወቃችሁት «ስሙን አናውቅም፤ ግን በገብስ ማሳ ላይ እናየው ነበር» ብላችሁ አጽፉት፤ ይህም ዕውቀት ነው።

በመጪው ነሐሴ ማለቂያ፣ ሽመላ በምታልፍበት ሰሞን፣ ማኅበራችን እንደገና ጉዞ ያዘጋጃል። አስጎብኚውን አነጋግረነዋል፤ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት የእናቶችና የአባቶች እንዲሆን በደስታ ተስማምቷል። ከኮሚቴያችንም ሁለት ሰዎች ለመተርጎም ተመድበዋል። ያቺን እናታችንንና የልጅ ልጃቸውን በስማቸው ጠርተን አስመዝግበናቸዋል። መምጣት የምትፈልጉ ከረቡዕ በፊት በቢሮአችን ተመዝገቡ፤ የምንመዘግበውም አንድ ልጅ ከአንድ አዛውንት ጋር ሲመጣ ነው።